በኩማሲ የተሰጠ እርሻ

አጃፖማ በዕድሜዋ አጥብቃ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ከወንዙ ማዶ ያለው የካካዎ እርሻ፣ ባሏ ሳይሞት፣ በዘመዶቹ ፊት የእሷ እንዲባል። ይህን መፈለጓ ስግብግብ አያሰኛትም፤ እርሻውን ያቀናችው እሷ ናትና። ኛርኮ ሲያገባት መሬቱን ከመንደሩ አለቃ የተረከበ ጎረምሳ ነበር። ደኑን ከመነጠረ በኋላ ግን ከወንድ የሚጠበቀው ሁሉ ያለቀ መስሎት ገጀራውን ሰቀለ። ችግኙን በቅርጫት ተሸክማ ወንዝ ያሻገረች፣ ለጥላ የሚሆነውን ሙዝ በየመካከሉ የተከለች፣ በዝናብ አረም የነቀለች፣ በመኸር ፍሬውን ሰብራ ዘሩን በሙዝ ቅጠል ሸፍና ያብላላች እሷ ናት። ከልጆቿ ሁለቱን የወለደችው እዚያው እርሻ ዳር ባለው ጎጆ ነው። ሆኖም በእኛ በአሻንቲዎች ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ ወንድ ሲሞት ሀብቱ ወደ እህቱ ልጅ ያልፋል። ሚስት የባሏ ወገን አትሆንም፤ ጉልበቷን ግን ማንም የባዕድ ነው ብሎ አይመልስላትም።

መውጫው መንገድ አንድ ነው። ባል በቁሙ፣ የእናቱ ልጆች ባሉበት፣ «ይህን እርሻ ለሚስቴ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ሚስት የምስጋና መጠጥ ታቀርባለች፤ ዘመዶቹ ይቀምሳሉ። የቀመሰ ሰው ነገ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ያልተቀመሰበት ስጦታ ግን እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። በእርግጥ ለመበለት ድርሻ የሚያስከብር የመንግሥት ሕግ አለ፤ በእኛ መንደር ግን የባሏን ዘመዶች ከሳ ፍርድ ቤት የቆመች ሴት፣ ከዚያ ወዲያ ብትታመም ደጇን የሚረግጥ አታገኝም። አጃፖማ ይህን ከማንም መማር አላስፈለጋትም። አባቷ የሞተ ጊዜ የእናቷን ድስቶችና ምንጣፍ ከእርሻው ጎጆ አውጥታ የተሸከመችው እሷ ነበረች፤ እናቷ ባዶ እጇን ከኋላ ትከተላት ነበር። «እኔ ላይ አይደገምም» ብላ የማለችው ያን ዕለት ነው።

ማለች እንጂ አልጠየቀችም። ይህ ጥፋቷ የሚሸፈንላት አይደለም። እርሻው ማፍራት በጀመረበት፣ ባሏ በደስታ በሰከረበት ዘመን አፏን ሞልታ መናገር ሲገባት፣ ደግነቱን ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ደግነቱ የሚጠበቅ ሰው ደግሞ መጠበቁን አንዴ ካወቀ፣ ከመስጠት ይልቅ መጠበቁ ይጣፍጠዋል።

ኛርኮ በመንደሩ ክፉ አይባልም። አይማታም፣ አይጠጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ወንበር አይጠፋም። ሕመሙ ሌላ ነው፦ በሁሉም ዘንድ ቸር መባልን ይወዳል፤ ቸርነት የሚያስከፍለውን ግን አይወድም። ለእህቱ ለቦአቴማ «የእናቴ ልጅ እያለች እርሻዬ ወደ ባዕድ አይሄድም» ይላታል፤ ለሚስቱ «አንቺ ባትኖሪ ይሄ ሁሉ ጫካ ነበር» ይላታል። ሁለቱም ሴቶች ደስ ብሏቸው ይለያሉ፤ እሱም በሁለቱም ቤት ዶሮ ይታረድለታል።

የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ፓስተሩ ከመድረክ ሆነው ባሎችን ዘለፉ። «ሚስቶቻችሁን ከድስትና ከገጀራ ሌላ ምን አሳያችኋቸው? ይሄ ቀን የከተማ ጎረምሶች ብቻ ነው ያላችሁ ማነው?»

ኛርኮ ብድግ አለ። «እኔ አጃፖማን ኩማሲ ከተማ ወስጄ ምሳ እጋብዛታለሁ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንዷ፣ «አደራ፣ ስትመለስ ተሳስተህ ሌላ ይዘህ እንዳትመጣ!» ብላ ጮኸች፤ ፓስተሩም ሳይቀሩ ሳቁ። አጃፖማ አልሳቀችም። ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ማታ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤቷ ለኮናዱ ነገረቻት።

«ለምን ኩማሲ? እዚሁ ቅርባችን ቴፓ ከተማ ምግብ ቤት ጠፍቶ ነው? እህቱ እኮ ያሉት ኩማሲ ነው፤ አሳፎ ሰፈር።»

«እና?»

«እናማ በእህቱ ፊት ሊለው ነው የሚወስደኝ። ሌላ ምን ይሆናል?»

ኮናዱ ባልዲዋን አነሣች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ሩዝ ሊጋብዝሽ ነው። ሩዝሽን ብዪና በጊዜ ነይ።»

አጃፖማ ግን አልሰማቻትም። በበዓሉ ጠዋት ነጩን ልብሷን ለበሰች፤ የወለደች፣ ከክስ ነጻ የወጣች፣ ምስጋና የምታቀርብ ሴት የምትለብሰውን። በሚኒባሱ ውስጥ የተሳፈሩት ልጃገረዶች ሁሉ ከጫማቸው እስከ ጥፍራቸው ቀይ ነበሩ።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ቀይ ነው የሚለበሰው» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው።

«ቀይ? ማን ሞቶብኝ?»

«የፍቅር ቀለም ነው!»

«በእኛ ጊዜ የለቅሶ ቀለም ነበር።»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አያቸው። «ልዩነቱ ምንድነው እናቴ? እኔ አግብቼ አይቼዋለሁ፤ አንድ ናቸው!» ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። ኛርኮ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ወደ ኩማሲ ሚስቱን ሊጋብዝ የሚሄድ ባል መሆኑንም ማንም ሳይጠይቀው ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳ።

ኬጄቲያ ገበያ ዳር ሲወርዱ መንገዱ በፊኛና በቸኮሌት ሻጭ ተጥለቅልቆ ነበር፤ መንግሥት ቀኑን የቸኮሌት ቀን ካለው ወዲህ እንዲህ ነው። ኛርኮ አንድ ገዛላት። አጃፖማ ጫፉን ቀመሰችና ፊቷን ሰበሰበች።

«ይሄ የኛው ካካዎ ነው?»

«የኛው ነው።»

«ምሬቱን የት አደረሱት?»

«ፋብሪካ አለ አይደል እንዴ! ዝም ብለሽ ብዪ።»

ከዚያ ከፊኛ በተሠራ ልብ ሥር አቁሞ ፎቶ አስነሣት። ፎቶ አንሺው ተበሳጨ። «አባቴ፣ እጅዎን ትከሻቸው ላይ ያድርጉ እንጂ! የመንደር ስብሰባ ላይ ነው እንዴ የቆሙት?» ኛርኮ እጁን አደረገ። ለማን እንደሚያሳየው ከወዲሁ እያሰበ ስለነበር ፎቶው ላይ ፈገግታው ያማረ ነው። አጃፖማ ወደ ጎን ታያለች፤ የአሳፎ መንገድ በዚያ በኩል ነው።

ምሳ የበሉት ፎቅ ላይ፣ አደባባዩን ቁልቁል በሚያሳይ ሰገነት ነው። የተጠበሰ ሩዝና ዶሮ መጣ። አጃፖማ በሹካው ሦስት ጊዜ ሞክራ ተወችውና በእጇ በላች፤ ኛርኮ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያውቀው ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ እሱም ሹካውን ጣለ። ጠግበው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቡ ተነካ። ምናልባት በውሃው ውስጥ የጣቶቿን መገጣጠሚያ አይቶ ይሆናል፤ አርጅተው ተጣመው ነበር።

«አጃፖማ» አለ። «ብዙ ለፍተሻል። አውቃለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለውን እርሻ ሰጥቼሻለሁ፤ ከላይ ከትልቁ ዛፍ እስከ ታች ውሃው ድረስ። የአንቺ ነው።»

ከወንበሯ ወርዳ ቀኝ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች። አስተናጋጇ ቀለበት የሰጣት መስሏት አጨበጨበች፤ የጎን ጠረጴዛው ሰዎችም ተቀበሏት።

ቃሉ ከልቡ ነበር፤ ውሸታም ብሎ ሊያቃልለው የሚፈልግ ይሳሳታል። በዚያ ሰገነት ላይ፣ ማንም በማያውቀው ሰው መሃል፣ ኛርኮ እርሻውን በእውነት ሰጣት። ሆኖም ቃል ባለቤቱን ሊያስይዝ በማይችልበት ቦታ ከልብ መስጠት ከውሸት የከፋ ነው። የዋሸ ሰው ቢያንስ መዋሸቱን ያውቃል፤ እንዲህ የሰጠ ግን በቸርነቱ ተደስቶ ይተኛል።

አጃፖማ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። «በል እንሂድ።»

«ወዴት?»

«እትዬ ቦአቴማ ጋ ነዋ! መጠጡን ከመንገድ እገዛለሁ።»

የኛርኮ ፊት ቀዘቀዘ። «ዛሬ? ዛሬ እኮ የእኔና የአንቺ ቀን ነው፤ የዘመድ ቀን አይደለም።»

«የዱፊ አባት» አለች፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታው። «ሰጥቼሻለሁ ብለሃል። ምስጋናዬን የት ላስቀምጠው?»

«በባልና በሚስት መሃል ምን ምስክር ያሻል? እግዚአብሔር ሰምቶ የለ?»

«እግዚአብሔርማ ሲሰማ ኖሯል። ያልሰሙት እትዬ ቦአቴማ ናቸው።»

አስተናጋጇ አሁንም ቆማ ፈገግ ትላለች፤ የጎን ጠረጴዛው ሰዎች ያዩታል። በእነዚህ በማያውቃቸው ሰዎች ዓይን ማነሱን አልቻለውም። «እሺ፣ ደስታሽን አላበላሽም» አለና ከፊቷ ወረደ። አጃፖማ ከታች ሱቅ አንድ ጠርሙስ ጂን ገዝታ በነጩ ልብሷ ጫፍ ጠቀለለችው። በመንገዱ ሁሉ እሷ ስትፈጥን እሱ ሱቅ ለሱቅ እያየ ይዘገያል።

ቦአቴማ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጨርቅ ነግዳ የወፈረች፣ ድምፅዋ እስከ መንገድ የሚሰማ ሴት ናት። ልጇ ሳርፎ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው፣ አጠገቧ ስልኩን ይነካካል። የእርሻው ወራሽ እሱ ነው፤ እርሻውን ግን በልጅነቱ ለዕረፍት ከመጣ ወዲህ አላየውም።

«ሚስቴ! ሚስቴ መጣች! ነይ ባልሽን ሳሚ!» የባል እህት የወንድሟን ሚስት የምትጠራው እንዲህ ነው፤ ጨዋታ ቢመስልም ጌትነት አለበት። «ደግሞ ነጭ! ማን ወለደ?»

ወንበር ተሰጣቸው፤ ውሃ ቀረበ፤ ጠጡ። ከዚያ ቦአቴማ እንደ ደንቡ ጠየቀች። «እዚህ ሰላም ነው። ከመንገድ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ መንገዱን ንገሩን።»

አጃፖማ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ይዞት የመጣው መጠጥ፣ የመጡበትን ጉዳይ የሚናገረው ሰው ስም እስኪሰጠው ድረስ ስም የለውም፤ የይቅርታም፣ የጋብቻም፣ የምስጋናም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው መጀመሪያ ቃሉ እስኪነገር ይጠብቃል፤ ጠርሙሱ ከዚያ በኋላ ይወጣል። አጃፖማ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ግን ባሏ እንዳያፈገፍግ ፈራች፤ ጠርሙሱ በዓይኑ ፊት ከቆመ መሸሻ ያጣል ብላ አሰበች። ፈታችና በጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

ቦአቴማ ጠርሙሱን፣ ነጩን ልብስ፣ ቀጥሎም ወንድሟን አየች። ነገሩ የገባት ወዲያው ነው። «ይቺ ጠርሙስ ደግሞ ምን ልትል መጣች?» አለች ቀስ ብላ።

ኛርኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ ክፉ ነገር ይዘን አልመጣንም። የፍቅረኞች ቀን ነው ብዬ ሚስቴን ምሳ ልጋብዝ አምጥቼ፣ እህቴን ሳላይ እንዴት እመለሳለሁ አልኩ። ይቺ ጠርሙስ ከእኔና ከአጃፖማ ለአንቺ ናት። የበዓል ስጦታሽ ናት።»

መጠጡ ስም አገኘ።

«የዱፊ አባት» አለች አጃፖማ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ሌላውንስ?»

«የቱን?»

«ሰገነቱ ላይ ያልከውን።» ከዚያ ወደ ቦአቴማ ዞረች። «እትዬ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን እርሻ ዛሬ ሰጥቶኛል። መጠጡ የምስጋናዬ ነው።»

ሳርፎ ከስልኩ ቀና አለ። ቦአቴማ ግን ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ረጅም ሳቅ።

«ወንድሜ፣ ብለሃል?»

ከጎረቤት ግቢ ዘፈን ይሰማል። ኛርኮ ባዶውን የውሃ ብርጭቆ በእጁ አዞረው። «ያው… የቀኑ ጨዋታ ነዋ! ሰው በዛሬ ቀን ምን የማይለው አለ?»

«ሰማሽ ሚስቴ? ወንድ በፍቅረኞች ቀን ያልሰጠው ምን አለ! የሳርፎ አባትማ ለእኔ ባሕሩን ከነዓሳው ሰጥቶኝ ነበር።»

የሳርፎ አባት ሲሞት የእህቱ ልጆች ቦአቴማን ከቤቱ በአንድ ሻንጣ አስወጥተዋታል። ያኔ አጃፖማ ሳምንት ሙሉ አብራት አልቅሳለች። የተበደለ ሰው በደልን ይጠየፋል የሚሉ የዋሆች ናቸው። ቦአቴማ ከዚያ መከራዋ የተማረችው፣ ሁለተኛ በሚባረሩት በኩል አለመቆምን ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ተከፈተ። ቦአቴማ ጥቂት መሬት ላይ ለሙታን አፈሰሰች፤ ራሷ ቀመሰች፣ ለወንድሟ ሰጠች፣ ለልጇ ሰጠች፤ በመጨረሻ ብርጭቆውን ሞልታ ለአጃፖማ ዘረጋች። አጃፖማ ብትጠጣ ባሏ ያወጣለትን ስም ተቀበለች፤ ብትመልሰው በሰው ቤት የቤቱን ባለቤት ሰደበች። ሁሉም ያዩዋታል።

ጠጣች። ብርጭቆውን ሳትጠጣ መልሳ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከዚያ ግቢ ተሰድባ ትወጣ ነበር፤ ሆኖም አንድ ሰው በዚያች ሰዓት እንቢ ማለቷን ያስታውስ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የታዘዘች ሴት ግን እንቢታን በአንድ ከሰዓት አትማርም። ከዚያ ወዲያ እሷም ምስክር ሆነች፤ በራሷ ላይ።

በመልሱ ጉዞ ኛርኮ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ተኛ። አልቀሰቀሰችውም፤ አላነሣችውምም።

በሚቀጥለው እሑድ ፓስተሩ ባለትዳሮቹን ምስክርነት ጠየቁ። ኛርኮ ፎቶውን ከፍ አድርጎ ይዞ ስለ ሰገነቱ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ሹካውም እያሳቀ ተናገረ። «ሚስቴ በደስታ ከወንበሯ ወርዳ እጄን ያዘች!» አለ፤ ለምን እንደያዘች አልተናገረም። ጭብጨባው ካለፈው የበለጠ ነበር። እኛም አጨበጨብን፤ የጠየቀ አልነበረም። ኮናዱ ብቻ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ «ሩዙስ ጥሩ ነበር?» አለቻት። «ጥሩ ነበር» አለች አጃፖማ።

በዚያው ሰሞን ወንድሟን፣ የእናቷን ቤት አስተዳዳሪ፣ ከወገኗ መሬት እንዲሰጣት ለመነችው። ወንድሟ ደግ አልነበረም፤ ጨካኝም አልነበረም፤ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን፣ ሌሎች አርሰው አርሰው የተዉትን ቁልቁለት አሳያት። ካካዎ እዚያ አይበቅልም፤ ቢበቅልም ፍሬውን ለማየት የእሷ ዕድሜ አይበቃም።

ዝናቡ ሲጀምር፣ የአረም ወቅት ደረሰ። ኛርኮ ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ለተከላ የሚሆን የካሳቫ ግንድ እየቆራረጠች ስታስር አገኛት።

«ከወንዙ ማዶ አትሄጂም እንዴ? አረሙ ዛፉን ሊውጠው ነው።»

«የማን እርሻ ነው?»

በሩን ገፋ አደረገና ቀረብ አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደዚያ ቀን በለሰለሰ አፍ፣ «ያንቺ ነው እኮ። ብዬሻለሁ አይደል?» አላት።

«ውጣና ግቢው ላይ በለው። የአለቃው ሰዎች ከኮናዱ ደጅ ተቀምጠዋል፤ የእናትህ ወገኖችም አሉ። ከጓዳ ሆኜ እሰማሃለሁ።»

ኛርኮ በሩ ላይ ቆመ። ከውጭ የሰዎች ጨዋታ ይሰማል። አንዱ ስሙን ጠርቶ ሰላም አለው፤ እሱም ሞቅ አድርጎ ሰላምታውን መለሰ፤ ስለ ዝናቡ ተናገረ፤ ሳቀ። ከዚያ ገጀራውን ይዞ ወደ ወንዙ ብቻውን ሄደ።

አጃፖማ እስኪርቅ ጠበቀች። የካሳቫውን እስር በራሷ ላይ አደረገች፤ በተቀመጡት ሰዎች ፊት አልፋ፣ ሰላም ብላቸው፣ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች።